አንድ ግንድ፣ አንድ ጎርፍ

በቡርቂቱ ወንዝ ዳር የሚኖሩት አርባ ሁለት አባወራዎች የሚያርሱት በሰው ደመና ነው። ዝናቡ የሚወርደው በምዕራብ በኩል ባለው ደጋ ላይ ነው፤ እነሱ ዘንድ የሚደርሰው ጎርፉ ነው። ከቆቦ ወደ ዞብል አቅጣጫ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬደው በዚህ ሜዳ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ደረቁ ወንዝ በድንገት ቡናማ ውሃ ሞልቶት ይመጣል። ያንን ውሃ ጠልፎ ማሽላው ውስጥ ያስገባ ሰው ዓመቱን ልጆቹን ያበላል። ያመለጠው ደግሞ ውሃው ወደ አፋር በረሃ ሲነጉድ ቆሞ ያያል።

መጥለፊያውን ክትር ይሉታል። በየዓመቱ በሰኔ ከወንዙ ዳር የግራርና የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይመለመልና በወንዙ ወለል ላይ አግድም ይነጠፋል፤ ድንጋይና አፈር ይጫንበታል፤ ጎርፉ ሲመጣ ከፊሉን ወደ ቦዩ ይመራዋል። ይህን ሥራ የሚያዘው ሰው የውሃ አባት ይባላል። አራጌ የውሃ አባትነቱን ከአባቱ ከተረከበ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ቅርንጫፍ ይመለመላል፣ ግንድ አይነካም። ግንድ የቆረጠ ሰው የሚቀጥለው ጎርፍ ሲመጣ የማሳውን አፍ ደፍኖ ይቀመጣል። አንድ ግንድ፣ አንድ ጎርፍ። ሌላም ሕግ አለ፤ ማሳ ውስጥ አንዴ የገባ ውሃ የባለማሳው ነው። ጠግቦ የተረፈውን ቢፈልግ ለጎረቤቱ ይለቀዋል፣ ባይፈልግ ወደ ወንዙ ይመልሰዋል። በትርፍ ውሃ የውሃ አባትም ቢሆን አያገባውም።

አራጌ በዚህ ሕግ ቀልድ አያውቅም። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲናገር ዓይኑን ከሰው ፊት የማይነቅል ሰው ነው። ጆሮም ነበረው። ደጋው ሲያጉረመርም ሰምቶ ጎርፉ መቼ እንደሚደርስ፣ ምን ያህል እንደሚሆን ይናገር ነበር። ያኔ ከነጎድጓዱ እስከ ጎርፉ ምሳ ተበልቶ፣ የቀትሩ ዙሁር ተሰግዶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ይደረስ ነበር። ሰዉም አያ አራጌ ካለ አለ ነው ብሎ አምኖት ይቀመጣል። ይህ ደስ ይለው ነበር፤ ምን ይደበቃል፣ ትንሽ ኮራም ያደርገው ነበር።

ጦርነቱ ከመምጣቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ዘካሪያስ የሚባል ጎረቤቱ አንድ ግራር ቆረጠ። የቤቱን ምሰሶ ምስጥ በልቶት ጣሪያው ሊወርድ ደርሷል፤ ሚስቱ ሀስና ደግሞ አራስ ነበረች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሳይደበቅ ቆረጠው፤ ከዚያ ራሱ ሄዶ ለአራጌ ነገረው። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሰውየው ችግር ይዞት ነው፣ ራሱም መጥቶ ተናግሯል፣ ለዛሬ እለፈው ብለው ለመኑት። አራጌ አሻፈረኝ አለ። ዛሬ ለምሰሶ ከተባለ ነገ ለአልጋ፣ ከነገ ወዲያ ለማገዶ ይባላል ብሎ ተከራከረ። የተናገረው እውነት ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው።

ያን ዓመት የመጣው ጎርፍ አንድ ብቻ ሆነ። የዘካሪያስ ማሳ የሚገኘው በአራጌ ሁለት ማሳዎች መካከል ነው፤ አንደኛው ከራስጌው፣ አንደኛው ከግርጌው። ዘካሪያስ የማሳውን አፍ በጭቃ ደፍኖ ጠርዙ ላይ ቁጭ አለ፤ ቅጣቱን ተቀብሏል። የአራጌ የላይኛው ማሳ ጠግቦ ትርፉ በራሱ ጊዜ ወደ ዘካሪያስ ማሳ መንጠባጠብ ሲጀምር ግን አራጌ ዶማውን ይዞ ሮጠ። ጠርዙን ደፍኖ፣ በሌላ በኩል ቀዶ፣ ትርፉን ወደ ወንዙ መለሰው። ቅጣቱ በጓሮ በኩል ቀለለ እንዳይባል ነው። ዘካሪያስ ቁጭ ብሎ ሲያየው ነበር።

የዘካሪያስ ማሽላ በነሐሴ ነጣ፣ በመስከረም ከብት ገባበት። በጥቅምት እሱ ራሱ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ ከሚሄዱት ጋር ተነሳ። ባሕሩን ተሻግሬ፣ ሳዑዲ ገብቼ ቤቴን አቀናለሁ ብሎ ነው የወጣው። እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም። ሀስና አራጌን አልተጣላችውም፤ በሰርግም በለቅሶም ትመጣለች፣ መንገድ ላይ ስታገኘው ሰላምታ ትሰጠዋለች። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ "አያ" ብላ ጠርታው አታውቅም። "የውሃ አባት" ነው የምትለው። በሰው ፊት ክብር ይመስላል፤ አራጌ ግን በሰማው ቁጥር አንገቱን ይደፋል።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ ቆቦ ወረደ። መብራት ጠፋ፣ ወፍጮ ቆመ፣ ባንክ ተዘጋ፣ አስፋልቱ በላይም በታችም ተቆረጠ። ጦር መጥቶ የወንዙን ዳር ያዘ፤ ምሽግ ቆፈረ፣ ለምሽጉ ክዳን ግንድ ጣለ፣ ለድስቱ ማገዶ ፈለጠ። እሱ ሄዶ ሌላው ሲተካም ያው ነው፤ የመጣው ሁሉ መጥረቢያ ይዞ ነው የመጣው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን የቡርቂቱን ዳር የጨረሰው ወታደር አይደለም። የጨረሰው ባለቤቱ ነው።

እህል ያለቀበት ሰው ወደ አራጌ መጣ። ከሰል እናክስል፣ ሮቢት ገበያ ወስደን በእህል እንለውጠው፣ አንተ ካልፈቀድክ እጃችን አይነሳም አሉት። አራጌ ሦስት ቀን እንቢ አለ። ያኔ ልጁ ቆንጅት ከነአራስ ልጇ እሱ ቤት ነበረች፤ ባሏ ወጥቶ አልተመለሰም። የምትበላው ስላጣች ጡቷ ነጥፏል። ሕፃኑ ሙንተሲር ይጠባል፣ ያጣል፣ ያለቅሳል፤ መጨረሻ ላይ ማልቀሱንም ተወው። አራጌን ያስበረገገው ይህ ዝምታ ነው። በአራተኛው ቀን መጥረቢያውን አንስቶ ወጣና ቁረጡ አለ። የመጀመሪያውን ግራር የጣለው ራሱ ነው። ጦርነቱ ቢቆይ አንድ ወር ነው፣ ዛፍ መልሶ ይበቅላል፣ ልጅ ግን አይበቅልም ብሎ አሰበ። የተራበ ልጅ አጠገቡ ዝም ሲል ዛፍ የሚቆጥር አያት ካለ መጥቶ ይፍረድበት።

አንድ ወር የተባለው አምስት ወር ሊሞላ ደረሰ። ከሦስት መቶ የማያንስ ግራርና ቁርቁራ ከሰል ሆኖ ሄደ። ያልቆረጠችው ሀስና ብቻ ናት። በማሳዋ አንጻር በወንዙ ዳር ሰባት ዛፎች ነበሩ። አንቺም ተፈቅዶልሻል የሚል መልእክት አራጌ ልኮባት ነበር። የላከችው መልስ በመንደሩ ሁሉ ተሰማ።

"ለአንድ ግንድ ባሌን ከፍያለሁ። ለሁለተኛው የምከፍለው የለኝም በሉት።"

የቁርቁራውን ፍሬ እየለቀመች፣ ፍየሎቿን አንድ በአንድ እየሸጠች፣ ልጇን ኢቅራን ይዛ ያን ክፉ ጊዜ አለፈችው። ወታደሮች መጥረቢያ ይዘው ሲመጡ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብላ አልነሳም ትላለች ይባላል። አንዳንዱ ሰድቧት ይሄዳል፣ አንዳንዱ አፍሮ ይመለሳል፤ እንዴት እንዳዳነቻቸው እሷም በቅጡ አትናገርም።

ጦርነቱ ከራቀ በኋላ ሰዉ እርሻውን ሲጀምር ወንዙ ሌላ ወንዝ ሆኖ ጠበቀው። ሥር ያልያዘው ዳር በየጎርፉ እየተናደ ወደ ማሳ ገባ። ወታደሮቹ በዳሩ የቆፈሩትን ምሽግ ውሃው መንገድ አደረገው፤ በሁለት ክረምት ሰው ቢገባበት የማይታይ ገደል ወጣው። የወንዙ ወለል ደግሞ ወደ ታች ስለሰመጠ ድሮ በቀላሉ ቦይ የሚገባው ውሃ አሁን ከቦዩ አፍ በታች ያልፋል። አየሩም ያ አየር አይደለም። ድሮ ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ጥላ የሚወጣ ቀዝቃዛ ነፋስ ነበር፤ አሁን የሚነሳው አቧራ ነው። ማታ ማታ ማሽላው ላይ ይወርድ የነበረው ጤዛ ቀረ። ዝናቡ በሦስት ሳምንት፣ በወር እየዘገየ ይመጣና የመጣ ቀን ያለ የሌለውን በአንዴ ይደፋዋል። በሚያዝያ ይዘሩት የነበረውን ትልቁን ማሽላ፣ ደገሊቱን፣ ዘሩን ጎተራ ውስጥ ትተው ቶሎ የሚደርሰውን መዝራት ከጀመሩ ይኸው ሦስት ዓመታቸው ነው።

አራጌ ይህን ሁሉ እያየ ጆሮውን ግን ማመኑን አልተወም ነበር። አምና በሐምሌ ደጋው አጉረመረመ። ገዛኸኝ የሚባለው ጎረቤት ሁለት በሬዎቹን ጠምዶ በወንዙ ወለል ላይ ለክትሩ አሸዋ ይጎትታል። ልውጣ ወይ ብሎ ከታች ጮኸ። አራጌ ሰማዩን አየ፣ ነጎድጓዱን አዳመጠና አትቸኩል፣ ገና ጊዜ አለ አለው። በሕይወቱ ሙሉ እንዲያ ነበርና። ጎርፉ ግን የምሳ ጊዜ አልሰጠም። ገዛኸኝን በመጫኛ ጎትተው አወጡት፤ በሬዎቹ ከነቀንበራቸው ሄዱ። ገዛኸኝ አልወቀሰውም፤ ተርፌያለሁ እኮ አለ እንጂ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማንም ሰው አራጌን መቼ ይደርሳል ብሎ ጠይቆት አያውቅም። ደጋ ላይ ያለ ዘመድ በስልክ ይደውላል፣ ሰዉ በስልኩ ይወጣል።

በቀበሌው የግብርና ባለሙያ የሆነችው ፈሪሀ ነገሩን አስረድታዋለች። ወጣት ናት፤ ሞተር ሳይክል ይዛ ትመጣለች፤ ሽማግሌ አታዋርድም። ጆሮዎ አልተበላሸም አለችው። ደጋውም እንደ ቆላው በጦርነቱ ተመንጥሯል፤ ድሮ ቅጠልና ሥር እየያዘ ቀስ ብሎ ይለቀው የነበረውን ውሃ አሁን የሚይዘው የለም፤ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ጎርፍ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። የዓለሙ ሙቀት መጨመሩም አለ፣ እሱ የኛ ጥፋት አይደለም አለችው፤ የወንዙ ዳር ጥላ ግን የኛ ነበር። ይህን ስትል አልወቀሰችውም፤ ማን እንዳስቆረጠውም አታውቅም ነበር።

ዘንድሮ ሐምሌ ሊጋመስ ዝናብ የለም። ማሽላው ጉልበት ላይ ደርሶ ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆመ። ደጋው ላይ ደመና ይከማችና ማታ ላይ ተበትኖ ይሄዳል። አንድ ጎርፍ ካልተጠለፈ በመስከረም መንደሩ ተርበናል ብሎ ቆቦ ለእርዳታ መሰለፉ ነው። ክትሩ ደግሞ አልተሠራም፤ የሚመለመል ቅርንጫፍ የለም። ቅርንጫፍ ያለበት ቦታ አንድ ብቻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ወንዶቹ በመስጊዱ አጥር ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ኢብሮ ተነስቶ ተናገረ። ማሳው ከታች ያለ፣ ሦስት ልጆች ያሉት፣ ጉልበተኛና ነገር የማያዞር ሰው ነው። ወለሉ እንዲህ ከሰመጠ ቅርንጫፍ አይይዝም አለ፤ የሀስና ሰባት ግንድ ተጥሎ አግድም ከተጋደመ ግን ይይዛል። ለክትር ከሆነ የውሃ አባት ግንድም ማዘዝ ይችላል፤ በአራጌ አባት ዘመን አንድ ጊዜ ታዟል። ያለው ልክ ነው። ሁሉም አራጌን አዩት። አራጌ እሺ አነጋግራታለሁ ብሎ ተነሳ።

ከሰዓት በኋላ ሄደ። ሀስና ከዛፎቹ ሥር ተቀምጣ ሰሌን ትሰፋለች። አራጌ ጥላው ውስጥ ሲገባ ላቡ ፊቱ ላይ ቀዘቀዘ። በወንዝ ዳር ጥላ ከተቀመጠ አራት ዓመት አልፎታል። ከላይ እርግብ ይጮሃል፣ ንብ አበባው ላይ ያጉረመርማል፤ እግሩ ሥር ያለው አፈር ጥቁርና ለስላሳ ነው። ከሃያ እርምጃ ወዲያ ያለው የራሱ ዳር እንደ አመድ ነጭ ሆኖ ይታየዋል።  ይህ ሁሉ እንዲህ እንደነበረ ረስቶት ኖሯል።

ኢቅራ ውሃ አመጣችለት። ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ሙቀቱ አንዳንድ ነገር ተናገረ። ሀስና ሰሌኗን አላቆመችም።

"የውሃ አባት፣ ለምን እንደመጡ አውቃለሁ" አለችው። "ቅርንጫፍ ከሆነ የሕጉ ነው፣ ነገ መጥታችሁ መልምሉ። ግንድ ከሆነ ደግሞ ይዘዙኝ፣ እንቢ አልልም። የሰው ልጅ እንዲራብ አልፈልግም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ።"

"ጠይቂኝ።"

"ዘካሪያስ አንድ ግንድ ቆርጦ አንድ ጎርፍ ተቀጣ። አንቱ ስንት ጎርፍ ተቀጡ?"

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ቁጣም አልነበረበትም፤ ማወቅ የፈለገች ነው የምትመስለው። አራጌ ዓይኑን ከፊቷ ነቀለ። ጊዜው የጦርነት ነበር ሊል ፈለገ፤ ሕፃኑ ጡት አጥቶ ነበር ሊል ፈለገ። የዘካሪያስም ጣሪያ አራስ ሚስቱ ላይ ሊወርድ እንደነበር ትዝ አለው። ተነሳና ሄደ።

ወደ ቤቱ አልገባም። በወንዙ ዳር እየሄደ ጉቶ ቆጠረ። የራሱን ያውቃቸዋል፤ መጥረቢያውን አዘቅዝቆ ስለሚመታ ጉቶው ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። አንዳንዱ አቆጥቁጦ ፍየል በልቶታል፣ አንዳንዱ ከነሥሩ ተንዶ ወንዝ ገብቷል። በገዛ እጁ የጣለው ሃያ ሦስት ሆነ። ፈቅዶ ያስቆረጠውን ለመቁጠር አልደፈረም። አሁን ጎርፉ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ይህን ቅጣት ጨርሶ አይሞትም።

በማግስቱ ጠዋት ለተሰበሰበው ሰው ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛው፣ ከሀስና ዛፎች ቅርንጫፍ እንጂ ግንድ አይነካም። ሁለተኛው፣ ጎርፉ ሲመጣ የእሱ ማሳዎች አፋቸው ተደፍኖ ይቀመጣል፤ ሃያ ሦስት ግንድ አለበት።  ገዛኸኝ ተው አያ፣ የዚያን ጊዜ ነገር ለሁላችንም ነው ሊለው ሞከረ። ኢብሮ ግን ተናደደ።

"የአንቱ ቅጣት የኔን ልጆች አያጠግብም" አለ። "እኔ የምፈልገው የሚይዝ ክትር ነው።"

አራጌ ልክ ነህ አለው፤ ቃሉን ግን አልለወጠም። ሦስት ቀን ሠሩ። ኢብሮ እያጉረመረመ ከሁሉም በላይ ሠራ። የሀስናን ዛፎች አራጌ ራሱ ወጥቶ መለመላቸው፤ ሲወርድ እጁ በእሾህ ተቦጫጭሮ ነበር። ቆንጅት ነገሩን ከሰው ሰማች። ባሏ ሳይመለስ ሲቀር አራጌ ከሀስና ማሳ ግርጌ ያለችውን ማሳውን ሰጥቷታል፤ እሷና ሙንተሲር የሚኖሩት በዚያች ናት። የውሃው ተራ ግን እስካሁን በአባቷ ስም ነው። ማታ ራት አቅርባለት፣ አባ እኛም አለንበት ወይ ብላ ጠየቀችው። አራጌ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ እጁን ታጥቦ ወጣ።

በአምስተኛው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኢብሮ ስልክ ጮኸ፤ ደጋው ላይ ሰማይ ተቀዷል። ነጎድጓዱም ተሰማ። አራጌ ሰማዩን አላየም፣ ጆሮውንም አላቀናም። ከወንዙ ውጡ አለ፣ አሁኑኑ። የመጨረሻው ሰው ዳሩን ወጥቶ አካፋውን ሳያስቀምጥ ጎርፉ መጣ። ዛፍ፣ ድንጋይ፣ የሞተ ፍየል ተሸክሞ መጣ። ክትሩን መታው፣ ቅርንጫፉ ተንቋቋ፣ ጎበጠ፣ ያዘ። ውሃው ከፍ ከፍ ብሎ የቦዩን አፍ አገኘና ገባ። አልሃምዱሊላህ የሚል ድምፅ በዳሩ ሁሉ ተሰማ።

ተራው ከራስጌ ይጀምራል። አራጌ የላይኛውን ማሳውን አፍ በጭቃ ደፍኖ ጠርዙ ላይ ቁጭ አለ። ውሃው አልፎት ወደ ሀስና ማሳ ገባ። የታችኛውንም፣ የቆንጅትን፣ ጠዋት ደፍኖታል፤ ውሃው እሱንም አልፎ ሄደ። አሥር ማሳ ጠጣ፣ አሥራ አምስት ጠጣ፣ አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ከክትሩ መካከል አንድ ድንጋይ ተፈነቀለ። ከዚያ በኋላ ጊዜ አልወሰደበትም። ቅርንጫፉ ተሰብስቦ ተነሳ፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ ወደ ወንዙ ተመለሰ፤ ቦዩም ጎደለ።

ኢብሮ በሩጫ መጣ። የሱ ማሳ ሃያ አንደኛ ነው። አካፋውን መሬት ላይ ጣለውና ግንዱ ቢኖር ይይዝ ነበር አለ።  ይይዝም ይሆናል። ባይይዝ ደግሞ ሰባቱም ዛፎች ከጎርፉ ጋር አፋር ወርደው ነበር። አራጌ የቱ እንደሆነ ማወቅ አልቻለም፤ የሚነግረው ጆሮ ከጠፋበት ቆይቷል። ይቅር በለኝ ኢብሮ አለው። ኢብሮ አካፋውን አንስቶ ሄደ።

አራጌ ወደ ታችኛው ማሳ ወረደ። ቆንጅት ሙንተሲርን እጁን ይዛ ቆማለች። ከፊቷ የሀስና ማሳ ውሃ ተኝቶበት ያብረቀርቃል፤ የሷ ማሽላ ቅጠሉን እንደጠቀለለ ነው፤ ሥሩ ያለው አፈር ተሰነጣጥቋል።

"አባ፣ ዛፉን የቆረጥከው ለዚህ ልጅ ነው" አለችው። "አሁን ደግሞ ውሃውን የከለከልከው እሱኑ ነው። ልጁ ምን አደረገ?"

አራጌ ልጁን አየው። ሙንተሲር በባዶው ቦይ ውስጥ የቀረችውን ትንሽ ውሃ በጣቱ ይነካል። የዚያን ዓመት ኢቅራ በእናቷ ጀርባ ላይ እንደነበረች አሁን ነው የታወሰው። እሷስ ምን አድርጋ ነበር? ይህን ጥያቄ ያኔ ራሱን አልጠየቀም፤ ዛሬም ቆንጅት ባትጠይቀው ኖሮ አይጠይቅም ነበር። ሕጉን እንጂ ሰዉን አይቶ አያውቅም። ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፤ ያኔ ዘካሪያስ እንደተቀመጠው።

ሀስና ከላይ መጣች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ዶማ ይዛ፣ በውሃው ውስጥ እየረገጠች ነው። ማሳዋ ጠግቦ ትርፉ ወደ ወንዙ መውረድ ጀምሮ ነበር። በወንዙ በኩል ያለውን ጠርዝ በጭቃ ደፈነች። ከዚያ በቆንጅት በኩል ያለውን ጠርዝ በዶማ አንድ ጊዜ መታችው። ውሃው ቀስ ብሎ ተንሸራተተና በተሰነጠቀው አፈር ላይ ተዘረጋ፤ አንዱን ፈር ሞልቶ ወደ ሁለተኛው አለፈ።

አራጌ ደንግጦ ተነሳ።

"ሀስና፣ እኔ ቅጣት ላይ ነኝ።"

"አንቱ ነዎት ቅጣት ላይ። ይሄ የኔ ትርፍ ነው፤ ሕጉ የአንቱ ነው፣ ያውቁታል።" ዶማውን ከጭቃው ነቀለች። ሊናገር አፉን ሲከፍት አየችውና ጨመረችለት። "ያን ቀንም እኮ በእጅዎ ዶማ ነበረች።"

ቆንጅት ልጇን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። ሀስና ወደ ዛፎቿ መመለስ ጀመረች። አራጌ ከሰባት ዓመት በፊት ይህችን ዶማ በምታህል ዶማ፣ ከዚህ ሃምሳ እርምጃ በማይርቅ ቦታ፣ በሩጫ ሄዶ ያደረገውን አየው። እንደሷ መድፈንና መቅደድ እንኳ አይጠበቅበትም ነበር። መቀመጥ ብቻ ይበቃ ነበር። ሕጉ አይፈርስም፣ ዘካሪያስ አይሄድም፣ ይህች ሴት ባሏን አታጣም ነበር።

"ሀስና" ብሎ ጠራት።

"አቤት፣ የውሃ አባት" አለች፤ ዞራ ቆማ ጠበቀችው።

ውሃው እግሩን አልፎ ወደ ማሽላው እየገባ ነበር። አራጌ ሊላት የፈለገው ብዙ ነው። ጎንበስ አለና በውሃው መንገድ ላይ የቀረውን ጓል በእጁ አነሳ።